ከሥር ያለው ፊት

«ዘመዶቿ ጋ ትሂዳ!» ሲል ሰማሁት፤ ታዲዮስ ነው። የእኔን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነውና ሳል እንኳን አያስቀርም። «የአባዬ ሙት ዓመት ይለፍ፤ ከዚያ አንቺ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ ቤቱ ይከራያል፣ አረጋሽ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ዕድሜ ልኳን እኛ እንቀልባት እንዴ?» የሚያናግረው እናቱን እትዬ ሸዋረጋን ነው። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ማማሰሉን አልተዉም። ውጭ ደግሞ አረጋሽ ግቢውን ትጠርጋለች። ታዲዮስ «ዘመዶቿ» ሲል የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ። የትኞቹ ዘመዶቿ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ብሆን ተከራይ ነኝ፤ ተከራይ ደግሞ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሞቱት የታዲዮስ አባት አቶ ተገኘ ብቅ አሉና እንደ ልማዳቸው አዩኝ።

ሥራዬ ቅርጽ ነው። በሸክላም በድንጋይም አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ በብዕር እየገፋሁ፣ እየጎተትኩ፣ እየቧጨርኩ ነው የምሠራው። ለወትሮው ውጭ አገር ላሉ ጌም ሠሪዎች ጭራቅ እቀርጻለሁ፤ ቀንድ ያለው፣ ክንፍ ያለው፣ ሦስት አፍ ያለው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ዘመሮ ነው፤ መሐል ሜዳ የተከራየሁት ለኔትወርኩ ብዬ ነው፣ በወር ሁለት ሺህ ብር፣ መብራት አብሮ፣ መብራት ካለ ማለት ነው። ጭራቅ እየቀረጽኩ መኖሬ ለእትዬ ሸዋረጋ ባይዋጥላቸውም «እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው አልፈውኛል። ታዲዮስ ግን ነገሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በአባቱ መቃብር ላይ ከደረት በላይ የሆነ ሐውልት ሊያቆም ፈለገ። እኔ ፊቱን እሠራለሁ፤ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቤት ፋይሉን ተቀብሎ በፕላስቲክ ያትመዋል፤ ከዚያ ላይ በሲሚንቶ ይቀዳል። ሲሚንቶው ለሙት ዓመቱ እንዲደርቅ ፋይሉ ዛሬ፣ ዓርብ ከመምሸቱ በፊት መላክ አለበት። ሲጀመር ለሁላችንም ቀላል መስሎን ነበር።

አቶ ተገኘን በሕይወት ሳሉ አላየኋቸውም። ፎቶ አይወዱም ነበር አሉ። ያገኘሁት አንድ የቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ፊት ለፊት የተነሱት፣ ማኅተሙ ግማሽ አገጫቸውን የበላው። ፊት ለፊት የታየ ሰው ግን ግማሽ ሰው ነው። አፍንጫው ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ግንባሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ አገጩ እንዴት እንደሚመለስ የሚታወቀው ከጎን ነው። የጎን ፎቶ ስጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቃል ሆነ፤ «ታዲዮስ አለ አይደል እንዴ፣ ቁርጥ አባቱን!» እኔም ሞኝ፣ ታዲዮስን ወንበር ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በስልክ አነሳሁትና የጎን ፊቱን ወስጄ ለአባቱ ሰጠሁ። እኛ አገር ወንድ ልጅን «ቁርጥ አባቱን» ማለት እግዜር ይስጥልኝ እንደማለት ነው፤ ማንም ፊቱን አይቶ አይለውም። እዚሁ አገር ተወልጄ ይህን መርሳቴ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀረጽ ፊት በአራት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ ነው። አንደኛው ደረጃ ላይ መረቡ ሰፋፊ ስለሆነ ፊቱ የተላጠ ድንች ይመስላል፤ ግን ዋናው ቅርጽ፣ የአጥንቱ ነገር፣ እዚያ ነው ያለው። አንድ ቁልፍ ሲነኩ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ለአራት ይከፈላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ መረቡ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ የቆዳ ቀዳዳ፣ የግንባር መስመር፣ የጢም ጸጉር የሚሠራው እዚያ ነው። ሌላ ቁልፍ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ያወርዳል። ወርደው አጥንቱን ቢያስተካክሉ ላይ የተሠራው ሽብሽብ አይጠፋም፤ አጥንቱን ተከትሎ ይሄዳል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል። ግን ሰው መውረድ አይወድም፤ ሽብሽቡ ያታልላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስድስተኛው ላይ ተቀምጬ የማላውቀውን ሰው ሽብሽብ ስለቅም ሰነበትኩ። ማክሰኞ ዕለት እትዬ ሸዋረጋ እንደ ሌላው ማታ ሁሉ መጥተው አዩት። ከጀርባዬ ብዙ ቆሙና «ይሄ የሞተ ሰው ነው፤ ተገኘ ግን አይደለም» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱ እኔንም ያስፈራኝ ጀመር። ፕሮግራሙ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው የሚያስኬደው፤ በግራ ያለውን ቅንድብ ስነካ ማንም ያልነካው የቀኙ ቅንድብ አብሮ ይነሳል። ጭራቅ ላይ አስቤው አላውቅም። በሞተ ሰው ፊት ላይ ግን ያልነካሁት ጎን በራሱ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ እየመሰለኝ እጄን ስንት ጊዜ ከብዕሩ ላይ አነሳሁ። እትዬ ሸዋረጋ፣ አይደለም ያሉትን ሰውዬ፣ በደጃፌ ሲያልፉ «እንደምን አደርክ» ይሉታል። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ለእሱም ለእኔም እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ነው የሚሉት። አረጋሽ ደግሞ ላፕቶፑ ክፍት ከሆነ ከደጃፉ አታልፍም። ቁርሴን ደፉ ላይ ታስቀምጥና «ዓይኑ ይከተለኛል» ብላ ትመለሳለች።

አረጋሽን ላስተዋውቃችሁ። አቶ ተገኘ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበሩና በዓመት ሁለት ሦስት ወር ግሼ ይከርሙ ነበር። አንድ ዓመት ከግሼዋ ከተማ ከራቤል ሲመለሱ በቅሏቸው ላይ ከመድኃኒቱ ሳጥን ጋር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። «እናቷ ሞታባት አሳዘነችኝ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ታዲዮስ ያኔ ጡት አልተወም ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም ሸሚዝ ማስተኮስ ሲፈልግ «አረግዬ» ይላታል። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነ። ደመወዝ የላትም፤ የቤት ሰው ናት ይባላል። የቤት ሰው እንዳትባል ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር የላትም። በዚያ ሳሎን ሁሉም መቀመጫ ባለቤት አለው። ሶፋው የታዲዮስ ነው፤ የበሩ አጠገብ ወንበር የእትዬ ሸዋረጋ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ባለ መደገፊያ ወንበር የአቶ ተገኘ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሱፍ ባና ለብሶ ማንም አልተቀመጠበትም። የአረጋሽ መቀመጫ ማድቤት ያለችው ዝቅተኛ ዱካ ናት። ማዕድ ሲቀርብ ኩስኩስቱንና ሳፋውን ይዛ ሁሉንም በየተራ የምታስታጥበው እሷ ናት። ታናሽ ለታላቅ ያስታጥባል በሚባል አገር የስድስት ዓመት ታናሿን ታዲዮስን ጎንበስ ብላ ታስታጥበዋለች። እኔ እዚህ ቤት ከሁሉ ትንሿ ስለሆንኩ አንድ ቀን ልቀበላት ብል «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «እትዬ አረጋሽ» ብዬ ስጠራት ደግሞ ትስቅብኛለች።

ረፋዱ ላይ ታዲዮስ የመቃብሩን መሠረት ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ አባዬን እንዳገኘው» ብሎ በደጃፌ በኩል ተቆጣጥሮኝ አለፈ። እኔ አፍንጫውን አስረዘምኩ፣ አሳጠርኩ። ጢሙን አጠቆርኩ። የግንባሩን መስመር አጠለቅኩ፤ የባሰውን ታዲዮስ ጢም ለጥፎ የአባቱን ልብስ የተዋሰ መሰለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆንኩት። ከውጭ ነፋሱ ሲያፏጭ ቆየና ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ቆመ። ያኔ ጉሙ መጣ። የመሐል ሜዳ ጉም እንደ ሰው በበር ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ የተሰጣውን ገብስ፣ ቀጥሎ ቧንቧውን ወሰደ፤ ከመስኮቴ ባሻገር ነጭ ነገር ብቻ ቀረ። መብራትም ወዲያው ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ያለው የአቶ ተገኘ ፊት ብቻ ሆነ። ደከመኝ። ሁሉንም ትቼ እስከ ታች ወረድኩ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሽብሽቡ ጠፋ፣ ጢሙ ጠፋ፤ በዓይኖቹ ቦታ ሁለት ጎድጓዳ ብቻ ቀረ። ማንንም አይመስልም ነበር።

አረጋሽ የዚያን ጊዜ ነው የገባችው። በሶ በጎድጓዳ ሳህን ይዛልኝ ነው፤ እትዬ ሸዋረጋ ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፣ እኔ ግን ደካማ መሆኔን ታውቃለች። ዛሬ ደፉ ላይ አልቆመችም። ምናልባት ያ ዓይን የሌለው ነገር አላስፈራትም፤ ወይም ጠዋት የሰማችው ነገር ሌላውን ፍርሃት ሁሉ አስንቋት ይሆናል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ለሙት ዓመቱ ጠላ የተሰጣው ገብስ እንዳይረጥብባት ለማየት ወደ መስኮቱ ሄደች። በነጩ ጉም ፊት በጎን ቆመች። ከጀርባዋ ባለው ብርሃን የተነሳ የፊቷ ዝርዝር አይታይም፤ የዓይኗ ቀለም፣ የጉንጯ ማዲያት፣ የሻሿ አበባ፣ ሁሉም ጠፍቶ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ነበረች። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ። መስኮቱ እኔ በቁልፍ የማደርገውን አድርጎላት ነበር። ሁለት ሳምንት የጎደለኝ ጎን ያ መስመር መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም።

«እትዬ አረጋሽ፣ እባክሽ እንደዚያው ቁሚልኝ» አልኳት። ቆመች፤ ቁሚ ሲሏት መቆም የለመደች ናት። የግንባሩን መታጠፊያ ከእሷ ላይ ወሰድኩ። የአፍንጫውን ድልድይ ወደ ላይ ሳብኩት፤ የላይኛውን ከንፈር ወደ ኋላ መለስኩ፤ ማኅተሙ የበላውን አገጭ ከእሷ አገጭ ሞላሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ጨረስሽ?» አለችኝ። «ጨርሻለሁ» አልኳት። ወደ ላፕቶፑ ማያ ሳትመለከት ገብሷን ልታነሳ ወጣች። ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሰው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ወንድ ሆነ። አራተኛው ላይ የዓይኑ ቆብ መጣ፣ አምስተኛው ላይ ጢሙ፤ ሁለት ሳምንት የለቀምኩት ሽብሽብ ሁሉ ዛሬ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከጉም ውስጥ ሰው ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ ሲያውቀኝ አየሁት። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ፈርቼ ነበር፤ ብቻዬን ብሆን ላፕቶፑን እዘጋው ነበር።

ብቻዬን ግን አልነበርኩም። እትዬ ሸዋረጋ በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፣ ቀስ ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ቆየህ» አሉት። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ዓይናቸውን ከእሱ ሳያነሱ፣ «ከየት አገኘሽው?» አሉኝ። የአረጋሽን ስም ማንሳት ፈራሁ። እሳቸው ግን በየማታው ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ነው የከረሙት፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። «እስኪ አውርጂው» አሉ። አወረድኩት። ጢሙ ሄደ፣ እርጅናው ሄደ፣ ወንድነቱ ሄደ። አንደኛው ደረጃ ላይ የቀረችውን ሴት እትዬ ሸዋረጋ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከውጭ አረጋሽ ገብሱን በእጇ እየሰበሰበች ወደ ጆንያ ስትጨምር ይሰማል።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። «ሠላሳ አራት ዓመት አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ ተገኘ ውሸት አይችልበትም። ከነገረኝ ደግሞ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ዝም ስል ጊዜ እሱም ዝም አለ። እንዲሁ አረጀን።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይሄ የታችኛው ይጠፋል?»

«ይጠፋል» አልኩ። እውነት ነው። ታችኛዎቹን ደረጃዎች የሚያጠፋ አንድ ቁልፍ አለ፤ ላይ ያለው ፊት አንድ ጸጉሩ ሳይጎድል ይቀራል፣ ከምን እንደተነሳ ግን ወርዶ ማየት አይቻልም። «ከጠፋ ግን አይመለስም፣ እትዬ።»

«እንዳይመለስ ነው የምልሽ። ታዲዮስ ሳይመጣ አጥፊው» አሉና ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው «ልጄ ነሽ» አሉኝ፤ እሳቸው እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ብቻዬን ቀረሁ። ፊቱን እንደገና ወደ ላይ አወጣሁትና ማያው ላይ ያለችውን ቀስት የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አኖርኳት። አንዲት ንክኪ ናት። ለሐውልቱ የታችኛው ደረጃ ምንም አይፈይድም፤ ደብረ ብርሃን ያሉትም የሚጠይቁኝ ላይኛውን ብቻ ነው። ደግሞስ ምን አገባኝ? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ባለቤቷ ደግሞ ገብስ ታነሳለች። ክፍሌን እወዳታለሁ፣ እትዬ ሸዋረጋንም እወዳቸዋለሁ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ሦስት ቀን የአጥሚት ኩባያ ከራስጌዬ ያላራቁ ሴት ናቸው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። የጠዋቱ መጥረጊያ ሲቆም የሰማሁት ዝምታ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አሁን ታች ያለችውን ሴት በገዛ እጄ ባጠፋት፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ ጆንያዋን ይዛ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እንዳለ ሴቭ አደረግኩት። ባለሙያ ታችኛውን አያጠፋም አልኩ ለራሴ፤ ሙያ መስሎኝ ሳይሆን መናገር ፈርቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታዲዮስ የጫማውን ጭቃ በራፍ ላይ እያራገፈ መጣ። ጉሙ አልተነሳም፤ መብራቱም አልመጣም። ላፕቶፑን ወደ ሳሎን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ታዲዮስ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ቀና ሲል አባቱን አየ። ያ ነገረኛ ሰውዬ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «አባዬ» አለ። ዓይኑን በመዳፉ አሸ። እትዬ ሸዋረጋ ከወንበራቸው ሆነው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ አጠፋሽው ወይ ነው ጥያቄው፣ እኔም ባና ወደለበሰው ወንበር ዞርኩ። ታዲዮስ ወዲያው ወደ ራሱ ተመለሰ። እሱ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም፣ መንካት አለበት። ፎቶ ያነሳሁት ቀን ቁልፎቹን አሳይቼው ነበር። ማያው ላይ ያለውን ፊት ወደ ጎን አዞረና «ይቺ አይደለች ወደ ታች የምታወርደው?» ብሎ ነካት።

«ተው፣ ይበቃል» አሉ እናቱ።

«ቆይ አንዴ፣ እማዬ። አየሽ? ወጣት ሆነልሽ!» ሳቀ። ሽብሽቡ ሄዷል። ደግሞ ነካት። ጢሙ ሄደ። «ሙሽራ ሆነልሽ!» እኔ እጄን ዘርግቼ ላቆመው እችል ነበር። አላቆምኩትም። ሦስት። ሁለት። ሳቁ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ ነካት፤ ፊቱ የጎን መስመር ብቻ ሆኖ በዚያ ጨለምለም ባለ ሳሎን ውስጥ ብቻውን በራ። በሩ የተከፈተው በዚሁ ሰዓት ነው። አረጋሽ በአንድ እጇ ኩስኩስቱን፣ በሌላው ሳፋውን፣ በትከሻዋ ፎጣውን ይዛ ገባች፤ እጇ ሞልቶ ስለነበር በሩን በጀርባዋ ልትዘጋ ወደ ጎን ዞረች። ከኋላዋ ጉሙ ነጭ ነበር። ሁለት ፊቶች፣ አንዱ ማያው ላይ አንዱ በሩ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ እያዩ ቆሙ።

ታዲዮስ ማያውን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና ማያውን አየ። ጣቱ ቁልፉን ደጋግሞ ይነካ ጀመር፤ ግን ከአንደኛው በታች ሌላ ደረጃ የለም። «እማዬ» አለ፤ ድምፁ የልጅ ሆነ። «ይሄ ምንድን ነው?» እናቱ ወደ እኔ ነው ያዩት።

«አላጠፋሽውም» አሉኝ።

«አላጠፋሁትም፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዕቃሽን ሰብስቢ ይሉኛል ብዬም ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሸክም አውርዶ እንደሚያርፍ ሰው በረጅሙ ተነፈሱ። «አረጋሽ» አሉ። «ውሃውን አስቀምጪና ተቀመጪ።»

አረጋሽ ኩስኩስቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ማያውን ያየችው ያኔ ነው። አልደነገጠችም። ቀረብ ብላ በጣቷ ጫፍ የብርሃኑን አፍንጫ፣ ቀጥሎ የራሷን ነካች። ከዚያ ሳሎኑን በዓይኗ ዞረችው፤ ሶፋውን፣ የበሩን ወንበር፣ የእኔን በርጩማ። «የት?» አለች።

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እትዬ ሸዋረጋ ተነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ከባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ባናውን አነሱት፣ አራግፈው አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። «እዚህ።» ታዲዮስ «እሱ እኮ የአባ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አረጋሽ ጠርዙ ላይ ብቻ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አላስደገፈችም። በመስኮቱ ብርሃን ላይ በጎን ስትታይ ታዲዮስ ፊቱን አዞረ።

«ጠዋት ዘመዶቿ ጋ ትሂድ ስትል ነበር» አሉት እናቱ፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «ይኸው መጣች። ተነስና ታላቅህን አስታጥባት።»

ታዲዮስ ኩስኩስቱን አየ። ከኩስኩስቱ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ላፕቶፑ ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን ተናግሮ ደበዘዘ፤ ማንም አልነካውም። ከዚያ ታዲዮስ ተነሳ። ፎጣውን ከአረጋሽ ትከሻ ወስዶ በራሱ ትከሻ ላይ ጣለ፣ ሳፋውን በግራ ኩስኩስቱን በቀኝ ይዞ ፊቷ ጎንበስ አለ። የእሷ እጅ ሳታስበው ኩስኩስቱን ሊቀበለው ሄደ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የለመደውን ነው። «ተይው፣ አረግዬ» አላት። እጇን አዞረችና መዳፏን ዘረጋች። ውሃው ወረደ። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ እስከ ክርኗ ድረስ ቀስ ብላ ታጠበች፤ ማንም አላስቸኮላትም።